ወንድሜ የተረጎመው መሐላ

ነቀምቴ ውስጥ ወንድሜን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከቤታችን ውጭ በስሙ የሚጠራው ግን አንድም አልነበረም። ገበያ ስንወጣ ሴቶቹ «ፈረንጂቻ መጣ» ይባባላሉ፤ ፈረንጁ ማለታቸው ነው። ከሸዋና ከጎጃም መጥተው ከተማው ውስጥ የተቀመጡት ደግሞ በጨዋ ደንብ «ክልሱ መምህር» ይሉታል። ሲናደዱበት «የሶላቶ ዲቃላ» ነው፤ ሲወዱት «የኛ ጣሊያን»። እኔን እህቱን ከሁሉ የበለጠ የሚያንገበግበኝ ይሄ የመጨረሻው ነበር። ስድብ ቢሆን አፌን ሞልቼ እመልሳለሁ፤ እንደ ፍቅር ሲሰጡህ ግን ምን ትላለህ? እህህ ብዬ አልፍ ነበር።

የምንገናኘው በእናት ነው። አዮ ብለን የምንጠራት እናቴ በጣሊያን ጊዜ፣ ገና ልጅ እግር ሳለች፣ ነቀምቴ የሰፈረው ጦር ዘንድ ልብስ አጣቢ ሆና ገብታ ነበር። ወዳ ይሁን ተገዳ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ዘግታዋለች። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ እሷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሰውየው ስሙን እንኳ በቅጡ አልነገራትም። ሲሬ ወደ ወላጆቿ ተመልሳ ወንድሜን ወለደች። አክስቴ እንደምትለው የሰፈሩ ሴቶች ሊጠይቁ ሳይሆን የሕፃኑን ጸጉር ሊነኩ ነበር የሚመጡት። እናቴ ጸጉሩን በምላጭ ትላጨውና ገላውን ቅቤ ቀብታ ቀትር ላይ ደጅ ታስቀምጠው ነበር፤ ፀሐይ እንዲያጠቁረው። እንደ እህል ማስጣቷ ነው እንግዲህ። ልጁ ተቃጠለ፣ ተላጠ፣ ቁስሉ ሲሽር ተመልሶ ያው ሆነ።

አባቴ አናጺ ነበር። የሚሲዮን ሰዎች ሲሬ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ጣሪያ ሊማግር መጥቶ እናቴን አያት፤ ከአራት ዓመት ልጇ ጋር አገባት። ያን ጊዜ የጠላት ልጅ ያላትን ሴት ማግባት ምን እንደሚያስወራ አሁን ላለ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። አባቴ ግን ወሬ የሚፈራ ሰው አልነበረም። ነቀምቴ ይዟቸው በገባ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ያየ ይይ፣ ይውጣለት ነው ነገሩ።

የጎሳው ሽማግሌዎች ይሄን አይተው ቤቱ መጡ። ልጁን በወግ ወደ ጎሳው እናስገባልህ አሉት። በእኛ በኦሮሞዎች ዘንድ ጉዲፈቻ ወረቀት አይደለም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በሬ ታርዶ፣ ልጁ ይመረቃል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎሳው ልጅ ነው። «አልተወለደም» ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው እሱ ራሱ ከሰው አይቆጠርም። ሐበሻ ይሁን ፈረንጅ፣ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ጉዳዩ እዚያ ያልቃል።

አባቴ እምቢ አለ። በወንጌል ካመነ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ በደም መመረቅ የድሮ አምልኮ ነው ብለው ሚሲዮኖቹ አስተምረውታል። «በጸሎት ወስጄዋለሁ፤ ከእግዚአብሔር በላይ ምን ሽማግሌ አለ?» ብሎ መለሳቸው። እነሱም ከፍቷቸው፣ ግን ሳይጣሉት፣ ሄዱ። የኔ የዋህ አባት ንጹሕ ሥራ የሠራ መስሎት ደስ ብሎት አደረ። ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ በአባት ስም ቦታ ላይ የራሱን ስም አስጻፈ። እኔ ከዓመት በኋላ ስወለድ ያንኑ ስም ወሰድኩ። እኔና ወንድሜ የአንድ አባት ልጆች ነበርን፤ ሌላ ነገር መኖሩን ያወቅኩት ልጆች ሲሳደቡ ነው።

ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ መምህርነት ተማረ። እዚያ ጓደኞቹ በአነጋገሩ እያሾፉ «ወለጌው» እንደሚሉት ጻፈልን። ደብዳቤውን ለእናትና ለአባቴ ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ፤ እንዴት ደስ ብሎት እንደጻፈው ከእጅ ጽሑፉ ያስታውቃል። ሰው በመሳለቂያ ሲደሰት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ተደሰተ። እኛም አብረን ተደሰትን።

ተመልሶ ነቀምቴ አስተማሪ ሆነ። ኦሮምኛውም አማርኛውም የተጣራ ስለነበረ ጠቅላይ ገዥው ሕዝብ ሰብስበው ሲናገሩ የሚያስተረጉመው እሱ ነው። አደባባይ ላይ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ። ገዥው በአማርኛ አንድ ያሉትን እሱ በኦሮምኛ ምሳሌ አክሎ፣ አስውቦ ያወርደዋል። ከጨለለቂ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወንድሜ ሲናገር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። እንደነገሩኝ፣ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የአባታቸውን አባት የሚሰሙ ይመስላቸዋል፤ ሲገልጡ ግን ጣሊያን ቆሟል፤ እሱ ይረብሻቸዋል። ክፋት የለባቸውም እኮ። ለዚህ ነው የሚያበሳጨኝ።

ከማስተማሩ ሌላ ለገበሬ በነጻ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። መሬቴን ተነጠቅሁ የሚል፣ ግብር ሁለት ጊዜ ከፈልኩ የሚል፣ ከሲሬም ከየገጠሩም እየመጣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ይሰለፋል። ጉዳዩ ከተሳካለት «የፈረንጅ ጭንቅላት እኮ ነው» ይላል። ካልተሳካለት «የባንዳ ደም፤ ምን ይጠበቃል» ይላል። ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ ያነበበው መጽሐፍ፣ ያሰማመረው ማመልከቻ፣ የእሱ ሥራ ሆኖ የተቆጠረለት ቀን አልነበረም። ቢሠራም ደሙ ነው፣ ባይሠራም ደሙ ነው።

በዚህ መሃል የፓርላማ ምርጫ መጣ። ያ ደጃፋችን የሚሰለፈው ገበሬ ሽማግሌ ልኮ ወንድሜን ተወዳደርልን አለው። እሱ ለአንድ ወር እምቢ ሲል ቆየ። የሚፈራውን ያውቃል። እኔ ነኝ የገፋሁት፤ አልደብቅም። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ማዘጋጃ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ገብቼ ደሞዝ የምበላ፣ ዓለም በእጄ ያለች የሚመስለኝ። ሕዝቡ በገዛ ድምፁ ከመረጠህ፣ አልኩት፣ ከዚያ በኋላ ማን ፈረንጅ ሊልህ ነው? የወለጋ እንደራሴ ነህ፤ አለቀ። ይሄ ነገር ሆዱ ገባ። ወንድሜ ወንበር አልፈለገም። «ከኛ ነህ» የሚል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነበር የፈለገው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ተወዳዳሪ ሁሉ ማንበብ ለማይችል መራጭ የሚሆን ምልክት ይመርጣል። ወንድሜ ሞፈር መረጠ። የተፎካካሪው ሰዎች መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት እየዞሩ ሞፈር ምን ያደርግለታል፣ መኮሮኒ ይስጡት ማለት ጀመሩ። ከተማው ሳቀ። የኛም ሰዎች ሳቁ፤ ያስቃላ! ወንድሜም አብሮ ሳቀ፤ ቤት ሲገባ ግን እራት አልበላም።

ተፎካካሪው ብዙ መሬት ያለው፣ ቡና የሚነግድ ሰው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ መኮሮኒው ሲሠራለት አይቶ ወደ ዋናው ነገር ገባ። ለምርጫ ጽሕፈት ቤቱ መቃወሚያ አስገባ። ይህ ሰው በትውልዱ የአገር ተወላጅ አይደለም፤ አባቱ የጠላት ወታደር ነው፤ በመዝገብ ላይ ያለው የአባት ስም የእንጀራ አባቱ ስም ነው፤ ስለዚህ ይሰረዝ የሚል።

መዝጋቢው ሹም ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ደግ ሰው ነበር፤ እሱን አልወቅሰውም። ወንድሜን ጠርቶ ነገሩን አቀለለለት። አባትህ ቀርበው በመሐላ ልጄ ነው ይበሉ፣ ሁለት የጎሳ ሽማግሌ ያጽናላቸው፣ መዝገቡን እዘጋለሁ አለው። ወንድሜ እየሮጠ መጣ። በዚያ ዕድሜው ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አባቴ ቤቱ ደጅ በር እየላገ ነበር፤ ሰማና መላጊያውን አስቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ቀናት ምን ብዬ ልንገራችሁ። አባቴ ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኗል። በሕይወቱ ውሸት ተናግሮ አያውቅም፤ ዕቃ አበላሽቶ እንኳ ቢሆን ለባለቤቱ ሄዶ ይናዘዛል። እህል አልቀምስ አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ያዝኩት።

«አባ ኮ» አልኩት፤ አባቴ ማለት ነው፤ «ልጄ ነው ማለት ምኑ ነው ውሸቱ?»

«ልጄ ነው እላለሁ» አለኝ። «ከዚያ አልፈው ከጠየቁኝ ግን፣ በመጽሐፉ ላይ እጄን ጭኜ ምን ልበል?»

አይጠይቁህም አልኩት። አናደደኝ። አንተ ያሳደግኸውን ልጅ ለአንዲት ቃል ስትል ልትጥለው ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት፤ መንገደኛ እስኪያየን ድረስ። እሱ መንገዱን ቀጠለ። እናቴ ከኋላችን ነበረች። በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ድሮም ስለዚህ ነገር አትናገርምና ማናችንም ምን ትያለሽ አላልናትም።

ቀኑ ደረሰ። ጉባኤው የተደረገው በጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ነው፤ ክፍሉ ሕዝቡን አልቻለውም። ወንዶቹ በረንዳውን ሞሉት፤ እኛ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አባቴ የጋብቻውን ካፖርት ለብሶ ነበር። አማርኛ ይችላል፤ ግን በመሐላ የምናገረው በአፍ መፍቻዬ ነው አለ። ሹሙ ኦሮምኛ አያውቅም። ማን ያስተርጉም ተባለ። ተፎካካሪው የራሱን ሰው አቀረበ፤ የኛ ሰዎች አይሆንም አሉ። የኛም ሰው ሲቀርብ እነሱ አይሆንም አሉ። ጭቅጭቁ ሲበዛ ወንድሜ ተነሣ። እኔ አስተረጉማለሁ፤ ሁላችሁም ሁለቱን ቋንቋ ትሰማላችሁ፣ ባጎድል አርሙኝ አለ። ማንም አልተቃወመም። የሚገርመው ይሄ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ያላመኑት ሰዎች አፉን አመኑት።

ሽማግሌዎቹ ቀደሙ። ይወዱት ነበር፤ ለምርጫው የለመኑትም እነሱ ናቸው። ልጁን ያውቁታል ወይ ሲባሉ ከልጅነቱ ጀምሮ አሉ። የተፎካካሪው ነገረ ፈጅ ግን ሥራውን የሚያውቅ ነበረ። በወጋችሁ ጉዲፈቻ ተፈጽሟል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ፤ ከዚያ አባቴን አዩት። ያልታረደ በሬ ታርዷል ብለው ቢምሉ መብረቅ እንደሚወርድባቸው ያምናሉ። «ጠይቀን ነበር፤ አልተፈቀደልንም» አለ ትልቁ። ወንድሜ ተረጎመ። ድምፁ እንደ አደባባዩ ቀን ጥርት ያለ ነበር።

አባቴ ተጠራ። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጁን ጫነ። ልጄ ነው፣ አለ፤ የመጀመሪያ ልጄ ነው። ወንድሜ ተረጎመ። ሹሙ ብዕሩን አንሥቶ ሊጽፍ ሲል ነገረ ፈጁ አንድ ጥያቄ አለኝ አለ። ከአብራክዎ የወጣ ነው?

ወንድሜ ጥያቄውን ራሱ ወደ ኦሮምኛ መልሶ አባቴን ጠየቀው። ጥያቄውን አላለዘበም፤ ምናለ ቢያለዝበው እያልኩ እስከዛሬ እብሰለሰላለሁ። አባቴ ቀና ብሎ አየው። እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ ከንፈሩን ብቻ ነው የማየው። በል፣ በል፣ በል እላለሁ በልቤ። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ፤ በረንዳው ላይ ያሉት ሰሙት፣ እኛ አልሰማነውም።

ወንድሜ ወደ ሹሙ ዞረ።

«አሳደግሁት እንጂ አልወለድኩትም፣ ይላሉ» አለ።

እኔ የአባቴን ቃል የሰማሁት እንዲህ ነው፤ በወንድሜ አፍ፣ በጠራ አማርኛ። አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አንዲት ቃል አልቀነሰም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ። ተፎካካሪው እንኳ አልሳቀም። አባቴ እጁን ከመጽሐፉ ላይ ማንሣት ረስቶ እንደጫነ ቀረ።

ሹሙ ብዙ ከተጨነቀ በኋላ መዝገቡ ላይ «የባዕድ ተወላጅ» ብሎ ጽፎ ወንድሜን ከተወዳዳሪነት ሰረዘው። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን አገላብጦ፣ እያፈረ፣ አስተርጓሚው መፈረም አለበት አለ። ሥርዓት ነው። ወንድሜ ብዕሩን ተቀበለ፣ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ፣ ቆመ።

«በማን ስም ልፈርም?» ብሎ ጠየቀ።

ጥያቄው የምር ነበር፤ ሊያሽሟጥጥ አልነበረም። አባቴ ምድር ምድሩን ያያል። ወንድሜ ትንሽ ጠበቀና የራሱን ስም ብቻ ጻፈ፤ የአባት ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶውን ተወው። ብዕሩን ከድኖ መለሰ፣ ሕዝቡን እጅ ነሣ፣ ብቻውን ሄደ።

በወሩ አስተማሪነቱን ለቆ አዲስ አበባ ገባ። አንድ የጣሊያኖች የንግድ ቤት ውስጥ በአስተርጓሚነት ተቀጠረ። እዚያ ጣሊያኖቹ «ሐበሻው» ይሉታል፤ በረኛውና ሾፌሩ «ጣሊያኑ» ይሉታል። ይሄን በአንድ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር፤ እንደ ድሮው አላሳቀውም። ከደብዳቤው ሥር አንድ ስም ብቻ አለ። ለአባቴ ሰላምታ ይልካል፤ ሲልክም «ለአሳዳጊዬ» ብሎ ነው። እኔ ሳነብላቸው «ለአባቴ» እያልኩ አነበብኩ፤ እኔ እንደ ሁለቱ ሐቀኛ አይደለሁም።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነቱ ወረደ። ማንም አላወረደውም፤ ራሱ ነው የወረደው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያሉ ሊያጽናኑት ለሚመጡት ቁርስ አቅርቦላቸው እሱ አይበላም። በሦስተኛው ዓመት ሞተ። ወንድሜ ለቀብሩ መጣ፤ ከቤተሰቡ ጋር ሳይሆን ከጎረቤቶች ጋር ቆመ። ና ብዬ እጁን ብጎትተው በቀስታ አስለቀቀኝ። አባቴን እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም ብል ውሸት ነው፤ ይቅር ብዬዋለሁ ብልም ውሸት ነው።

በአራተኛው ዓመት ሌላ ምርጫ ሲቃረብ እኔ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተዛውሬ ነበር። አንድ አዛውንት ጠበቃ ፋይል እስኪወጣላቸው ከፊቴ ተቀምጠው ስለ ምርጫው ወሬ ተነሣና የወንድሜን ታሪክ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እናቱ የአገር ሰው አይደሉም እንዴ?»

«ናት እንጂ፤ የሲሬ ተወላጅ ናት» አልኳቸው።

«ታዲያ ስለ አባቱ ምን አስጠየቃቸው? ሕጉ እኮ በእናትም ይቆጥራል» አሉ። ሹሙ ልጅ ስለሆነ አያውቀው ይሆናል፣ ነገረ ፈጁ ግን ሳያውቀው አይቀርም፤ እናንተም አልጠየቃችሁ። ይህን ብለው ፋይላቸውን ተቀብለው ሄዱ። እኔ ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

ለወንድሜ ጻፍኩለት። እንደገና ተወዳደር፣ ሕጉ ይኸው አልኩት። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ በጤናዬ ደህና ነኝ፣ ክረምቱ እንዴት ነው ይላል፤ ስለ ጉዳዩ አንድም ነገር የለበትም።

ለእናቴ ልንገር አልንገር እያልኩ ሳመነታ ሰነበትኩ። መጨረሻ ላይ ነገርኳት። ጓሮ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ቀስ ብዬ፣ የሕጉን ነገር እንዲገባት አድርጌ አስረዳኋት። እጇን አቆመች።

«እኔን ቢጠይቁኝና ወለድኩት ብል ያበቃ ነበር?»

«ያበቃ ነበር፣ አዮ።»

የምታለቅስ መስሎኝ ተጠጋኋት፤ አላለቀሰችም።

«እዚያው ነበርኩ እኮ» አለች። «ዛፉ ሥር፣ ካንቺ ጋር።»